የሕፃን ተቅማጥ አይናቅ

በአምቦም ሆነ በጉደርና በግንጪ ሕፃን ሲያስቀምጠው «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ይባላል። ግግ የሚያስወጡም አሉ፤ ይህ ድዱን ያቆስለዋል እንጂ ተቅማጡን አያቆምም። ሕፃኑን የሚገድለው ከሰውነቱ የሚያልቀው ውሃና ጨው ነው።

ስለዚህ ገና ሲጀምረው እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ፣ 1 ፓኬት ኦ አር ኤስ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ በጥብጡና በማንኪያ ቀስ እያላችሁ አጠጡት። 24 ሰዓት ያለፈውን ድፉት። ጡትም አይከልከል። አምቦ ውሃችን ለጎልማሳ ሆድ ይስማማ ይሆናል፤ ኦ አር ኤስን ግን አይተካም።

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ስትለቁት ቶሎ ካልተመለሰ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ደም ካስቀመጠው፣ አያት «እስኪነጋ» ቢሉም እኛ በሌሊት አምጡት እንላለን። መዋጥ እስከቻለ ድረስ በመንገድም አጠጡት።