«ለመጀመሪያው ወተት አልነበረኝም»

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ሰሚትና አያት በተዘረጋው የአዲስ አበባ ምሥራቅ ሁለተኛ ልጇን የምትጠብቅ ሴት ስለ ጡት ማጥባት ስትጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ የምትመልሰው ባለፈው ነው፦ «ለመጀመሪያው ወተት አልነበረኝም።» ከዚህ በኋላ የሚተረከውም ይመሳሰላል። በኦፕራሲዮን ወልዳለች፤ ሕፃኑ ለሰዓታት ከእሷ ተለይቶ ቆይቷል፤ ሲመጣ ጡት አልይዝ ብሏል፤ ሲይዝ ደግሞ ጫፉን ብቻ ይዞ አቁስሏታል። በሁለተኛው ሌሊት ለቅሶው አላቆም ሲል ከቤተሰቡ አንዱ ወጥቶ የቆርቆሮ ወተት ገዝቶ መጣ። አርባ ቀን ሳይሞላ ጡጦው ዋና ሆነ፣ ጡቱ ማባበያ። ለሁለተኛውም ልጅ ሻንጣ ሲዘጋጅ ጡጦው «ለማንኛውም» ተብሎ ከሁሉ ቀድሞ ይገባል።

ይህች እናት ብዙ ጊዜ የማይነገራት ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2001 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 22 እናቶችን በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ልጃቸው ተከታትሎ የወተታቸውን መጠን ለካ። ከሁለተኛው ልጅ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት የተገኘው ወተት በአማካይ በ31 በመቶ በልጦ ነበር። ትልቁ ጭማሪ የታየው ደግሞ በመጀመሪያው ጊዜ ወተታቸው እጅግ አንሶ በነበሩት ላይ ነው፤ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ለእያንዳንዷ ዋስትና አይሆንም። ነገር ግን «የእኔ ጡት እንዲህ ነው» ብሎ ነገሩን አስቀድሞ መዝጋት ልክ እንዳልሆነ ለማሳየት ይበቃል።

እንግዲህ ገላ በሁለተኛው ጊዜ የሚሻለው ከሆነ፣ በመጀመሪያው የተበላሸው ምን ነበር? በእኔ ግምት አብዛኛው የተበላሸው ከጡቱ ውጭ ነው፤ በወሊድ ክፍሉ፣ በቤቱና በመሥሪያ ቤቱ።

ከወሊድ ክፍሉ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኦፕራሲዮን የሚወልዱት በአገር አቀፍ ደረጃ 2 በመቶ ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ 21 በመቶ ነበሩ። ኦፕራሲዮን ማጥባትን አይከለክልም፤ ወተቱ ሞልቶ የሚወርድበትን ጊዜ ግን ሊያዘገየው ይችላል፤ ሰመመኑና ሕመሙ ደግሞ የመጀመሪያዋን ሰዓት ይወስዷታል። በመጀመሪያው ቀን አራስ ልጅ በአንድ ጊዜ የሚጠባው እንገር ከአንድ የሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም፤ የሚያስፈልገውም ያው ነው። ወተቱ ሞልቶ የሚመጣው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። የሁለተኛው ሌሊት ለቅሶም ብዙ ጊዜ ወተቱን የሚጠራው ራሱ ነው፤ ልጁ ደጋግሞ በጠባ ቁጥር ጡቱ «ጨምር» የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። በዚያች ሌሊት ሆዱን በዱቄት ወተት የሞላ ሕፃን ይተኛል፤ ጡቱም ፈላጊ የለም ብሎ ይቀንሳል። በሦስተኛው ቀን እናቲቱ «ይኸው አነሰኝ» ስትል እውነቷን ነው፤ ያነሰበት ምክንያት ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀመረው በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ወር፣ በክትትል ላይ ነው፤ በጥያቄ። ኦፕራሲዮን ቢሆን ልጁ ደረቴ ላይ የሚቀመጠው መቼ ነው? አብሮኝ ያድራል ወይ? አፉን በሰፊው ከፍቶ ከጫፉ ዙሪያ ያለውን ጥቁር ክፍል ጭምር እንዲይዝ የምታሳየኝ አዋላጅ በሌሊት ተራ ትኖራለች ወይ? ሳልጠየቅ የዱቄት ወተት ይሰጠዋል ወይ? የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ «ለሕፃናት ምቹ ሆስፒታል» የሚለውን ንቅናቄ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ ጥያቄዎቹ ሁሉ ከዚያ የወጡ ናቸው እንጂ የቅንጦት አይደሉም። ለክፍሉ ስፋትና ለአበባው የሚከፍል ቤተሰብ ይህንን ሳይጠይቅ መውጣቱ ይገርመኛል።

ያለፈውን ታሪክ ለሐኪም በዝርዝር መንገርም ያስፈልጋል። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈሷት የነበረች፣ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ቀርቶባት የነበረ፣ የታይሮይድ ችግር ያለባት ወይም ጡቷን ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ወተቷ በእውነት ሊያንስ ይችላል። እንዲህ ያሉት ጥቂቶች ናቸው፤ አሉ ግን። እነሱን «አልጣርሽም» ማለት ጭካኔ ነው፤ ሐኪም ካዘዘላቸው የዱቄት ወተቱ መድኃኒት ነው።

ቤቱ ደግሞ የራሱ ወግ አለው። አራስ ልጅን ቅቤ ማላስ፣ የስኳር ውሃ ወይም የአብሽ ውሃ ጠብ ማድረግ አሁንም አልጠፋም፤ በዚያው የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከእናት ጡት በፊት ሌላ ነገር የቀመሱት 8 በመቶ ነበሩ። ጡት አልይዝ ያለን ሕፃን እንጥል የሚያስቆርጥም አለ፤ ይህ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን የሚያመጣ ክፉ ልማድ ነው። ከዚህ በቀር ግን የአራስ ቤት ወግ ለጡት የተሠራ ይመስለኛል። አርባና ሰማንያ ቀን ከሥራ የማይነሷት፣ አጥሚትና ገንፎ የሚቀርብላት፣ እናት ወይም እህት አጠገቧ የምታድርላት ሴት ከማጥባት ሌላ ምን ሥራ አላት? አጥሚቱም አብሹም ለእናቲቱ ይሁን። አያትየዋን ከወሊዱ በፊት አስቀምጦ «ሲያለቅስ መጀመሪያ ለእኔ አምጪልኝ» ብሎ መስማማት ከማንኛውም ሻይ ይበልጣል። ልጁ መጥገቡን የሚናገረው ዳይፐሩ ነው፤ ከአምስተኛው ቀን ወዲያ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ከሸና፣ የወረደው ክብደቱም በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተመለሰ ወተቱ እየደረሰው ነው።

ይህን ሁሉ ያለፈች እናት አራተኛው ወር ላይ ትደናቀፋለች። የ2016ቱ ጥናት አገር አቀፍ ቁጥር ይህንን ያሳያል፦ ያለ ሌላ ምግብ ጡት ብቻ የሚጠቡት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት 74 በመቶ ሲሆኑ፣ ከአራት እስከ አምስት ወር ካሉት 36 በመቶ ብቻ ነበሩ። በገጠሩ ምክንያቱ ውሃና የላም ወተት ነው። በቦሌ ግን ሌላም ምክንያት አለ፤ ፈቃዱ ያልቃል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። የቀደመው አዋጅ 377/1996 ከወሊድ በኋላ የሚፈቅደው 60 ቀን ስለነበር መሻሻሉ ትንሽ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር ግን ስድስት ወር ጡት ብቻ ይላል። የአንድ ዓመት ሠራተኛ 16ቱን የሥራ ቀን የዓመት ፈቃዷን ብትቀጥል እንኳ አራት ወር አትሞላም። ለቀሪው በፈቃዱ የመጨረሻ ሳምንታት ወተት ማለብ መለማመድ፣ ለሞግዚቷም በስኒ ወይም በማንኪያ መስጠትን ማሳየት ነው። የታለበ ወተት ከፍሪጅ ውጭ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ 4 ቀን ይቆያል፤ መብራት በሚጠፋበት ኮንዶሚኒየም ይህ ስሌት ራሱን የቻለ ጭንቀት ነው። ሽንት ቤት ውስጥ ቆማ የምታልብ የባንክ ሠራተኛ ደግሞ ብዙ አትዘልቅም።

የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። የግሉን ዘርፍ የሚገዛው 1156 ግን እንዲህ ያለ ግዴታ አይጥልም፤ በሥራ ሰዓት የማጥቢያ እረፍትም አላስቀመጠም። ከሰሚት ብዙም በማይርቀው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በስፌት መኪና ላይ የምትውል ወጣት እናት የምትተዳደረው በዚሁ አዋጅ ነው። እሷ ጡቷ ሞልቶ ሲወጥራት ከማሽኑ ተነስታ ለማለብ የቅርብ አለቃዋን መልካም ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ካልፈቀደላት የምትጠቅሰው አንቀጽ የላትም።