ከሥዕሉ ሽያጭ እስከ ኩባያው ውሃ

በጤና ዓምዳችን ስለ ሥዕል ስናነሳ «ደግሞ ሥዕልንና ጤናን ምን አገናኛቸው?» ትሉን ይሆናል። የሚያገናኛቸው ውሃ ነው። ከመካከላችሁ ለንጹሕ ውሃ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሥዕል፣ ፎቶግራፍ፣ በዐረብኛ ያማረ ጽሕፈት ወይም የሐረር ስፌት በሚሸጥበት ዝግጅት ላይ የተጋበዛችሁ፣ አልያም ራሳችሁ ልታዘጋጁ ያሰባችሁ ትኖራላችሁ። (ግድግዳ ላይ ምን ይሰቀላል፣ ምን አይሰቀልም የሚለውን ለዑለማዎቻችን እንተወው።)

ጥበብና ውሃ የተገናኙበት አንድ ሥራ እናንሳ። ኢትዮጵያዊቷ ፎቶግራፍ አንሺ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 ዎተርኤይድ ከተባለው ድርጅት ጋር በመሆን አፋር ውስጥ፣ ዳሎል ላይ፣ 12 ፎቶግራፎችን ሠራች። በ2019 ለንደን በሚገኘው ሶመርሴት ሃውስ ለእይታ ቀረቡ። በጨው ሜዳው ላይ ደማቅ ልብስ የለበሱ ሴቶች ይታያሉ። ለሥራው ያነሳሷት በአገራችን ስትዘዋወር በየመንገዱ የምታያቸው ውሃ ተሸካሚ ሴቶች ናቸው። ያ ዐውደ ርዕይ ችግሩን ለማሳየት ነበር። የእናንተ ግን ሽያጭ ነው፤ ገንዘብ ከተሰበሰበ ደግሞ ጥያቄ ይከተላል።

ለሽያጩ አንድ ምክር አለን። ከሥዕሎቹ አጠገብ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ አስቀምጡ። 20 ኪሎ ይመዝናል። እንግዶቻችሁ ያንሱት፤ በተለይ ወንዶቹ። ከዚያ ይህን በየቀኑ በጀርባዋ ተሸክማ ከትምህርት የምትቀረውን ልጅ ያስቡ።

አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ። ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ ፓምፑ ተተከለ፣ ፎቶ ተነሳ። ውሃው ሕፃኑ አፍ እስኪደርስ ንጹሕ ነው? ከፓምፑ ንጹሕ ሆኖ የወጣ ውሃ ባልታጠበ ጀሪካን ተቀድቶ፣ ክዳን በሌለው እንስራ ተገልብጦ፣ የልጅ እጅ በነካው ኩባያ ሲጠለቅ ይበከላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በንጹሕ ውሃ፣ በመጸዳጃና በእጅ መታጠብ ጉድለት በሚመጣ ተቅማጥ በየዓመቱ 1 ሚሊዮን ያህል ሰው ይሞታል። ከእነዚህ 395,000 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ፓምፑ ብቻውን ይህን አያቆመውም። ሳሙና፣ መጸዳጃ ቤትና ክዳን ያለው፣ አፈ ጠባብ ዕቃ አብረው መሄድ አለባቸው። ፊት መታጠቢያ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ዓይን የሚያጠፋው ትራኮማ ይስፋፋል፤ የዚህ በሽታ ከፍተኛው ሸክም ያለው በአገራችን ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። በስምጥ ሸለቆ ያሉ አንዳንድ የከርሰ ምድር ውሃዎች ጥርት ብለው እየታዩ ከፍተኛ ፍሎራይድ ይይዛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ያለፈውን ውሃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ መጠኑ በጣም ከፍ ሲልና ዓመታት ሲቆጠሩ አጥንት ይጎዳል፣ ወገብ ይጎብጣል። እናቶች ሆይ፣ ማፍላት ይህን አያወጣውም! እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ስለሚቀር ይበልጥ ይወፍራል። ስለዚህ ሥዕል ገዝታችሁ ገንዘብ ስትሰጡ «ውሃው ላቦራቶሪ ገብቷል ወይ? ውጤቱን አሳዩን» ማለት ነውር አይደለም። አማና ነውና።

ዑስማን (ረ.ዐ.) በመዲና በክፍያ ይቀዳ የነበረውን የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሕዝብ ክፍት እንዳደረጉት ታውቃላችሁ። በዘመናችን ከመግዛትና ከመቆፈር ይልቅ የሚከብደው ማቆየቱ ሆኗል። አንዲት ላስቲክ ወይም ቧንቧ ተበላሽታ፣ መለዋወጫ ጠፍቶ ፓምፑ ይቆማል፤ እናቶችም ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። የእኛ አስተያየት ይህ ነው፦ ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ ሁለት ጉድጓድ ለመቆፈር ቢበቃም፣ አንዱን ቆፍሮ የቀረውን ለጥገና፣ ለመለዋወጫና የመንደሩን የውሃ ኮሚቴ ለማሠልጠን ማስቀመጥ ይሻላል። በኮሚቴው ውስጥ ደግሞ ቀጂዎቹ፣ ማለትም ሴቶቹ፣ ይኑሩበት።

ጉድጓዱ እስኪደርስ ድረስ ግን ሰው ውሃ መጠጣቱ አይቀርም። በጀርም የሚጠረጠር ውሃ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይፍላ፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ 3 ደቂቃ። እንደ «ውሃ አጋር» ያለ የክሎሪን መድኃኒት ካገኛችሁ በላዩ ላይ እንደተጻፈው ተጠቀሙ፤ ጨምራችሁም ግማሽ ሰዓት ታገሱ። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ጡት ብቻ ይበቃዋል፣ ውሃ አትስጡት። ልጅ ካስቀመጠው ጡትና ምግብ ሳታቋርጡ «ለምለም» ስጡት፤ ጤና ጣቢያም ውሰዱት፣ ከ10 እስከ 14 ቀን የሚወሰድ ዚንክ ይሰጣችኋል። ባለ 1 ሊትሩ የለምለም ፓኬት የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋና አዲስ ይበጠበጣል።