የፊንላንድ አየር ኃይልና አይሮፕላኖቹን ያገኘበት መንገድ

የፊንላንድ አየር ኃይል ታሪክ የሚጀምረው በግዢ ሳይሆን በስጦታ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በማርች 6 ቀን 1918 ኤሪክ ቮን ሮዘን የተባሉ የስዊድን መኰንንት በቱሊን ፋብሪካ የተሠራ አንድ አይሮፕላን ወደ ቫሳ ከተማ አምጥተው ለአዲሱ መንግሥት አበረከቱ። የእኒሁ ሰው ልጅ ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ኋላ የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማደራጀት በአገራችን የታወቁት ናቸው።

ከስጦታው በኋላ ግን ሁሉም በገንዘብ ሆነ። በኖቬምበር 30 ቀን 1939 ሶቪየት ኅብረት ጦርነት በከፈተች ጊዜ አራት ሚሊዮን የማይሞላው የፊንላንድ ሕዝብ የነበሩት ተዋጊ አይሮፕላኖች ጥቂት፤ የተሻሉትም ከሆላንድ የተገኙት ፎከሮች ነበሩ። መንግሥቱ ከእንግሊዝ ግላዲያተር፤ ከፈረንሳይ ሞራን፤ ከኢጣልያ ፊያት፤ ከአሜሪካ 44 ብሩስተር አገኘ። ይሁን እንጂ ውል መፈራረም አንድ ነገር፤ ዕቃውን መረከብ ሌላ ነገር ነው። ጀርመን ፊያቶቹ በግዛትዋ እንዳያልፉ ስለ ከለከለች በባሕር መዞር ግድ ሆነ። ብሩስተሮቹም በሣጥን ታሽገው በመርከብ ኖርዌይ ከደረሱ በኋላ በባቡር ወደ ስዊድን ተጉዘው እዚያ ይገጣጠሙ ስለ ነበር፤ ጦርነቱ በማርች 13 ቀን 1940 ሲያበቃ የደረሱት እጅግ ጥቂት ነበሩ። የቀሩት በ1941 ለተጀመረው ሁለተኛ ጦርነት ደረሱ፤ በሌላ አገር የተናቀው ይህ አይሮፕላን በፊንላንድ አብራሪዎች እጅ ታላቅ ዝና አተረፈ።

ከየአገሩ የተለቀመ ዕቃ ግን የራሱን ዕዳ ይዞ ይመጣል። የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይገጥምም፤ ሻጩም አገር ሲወረር ወይም ሲኳረፍ የመለዋወጫው በር ይዘጋል። መድኅን የሆነው በታምፔሬ የነበረው የመንግሥት አይሮፕላን ፋብሪካ ነው። የእንግሊዙ ሜርኩሪ ሞተር ለብሌንሃይም ቦምብ ጣዮች ስለ ተፈለገ፤ ፋብሪካው 50 ፎከሮችን በአሜሪካ ሞተር ሠራ። በሞራኖቹም ላይ ከጠላት የተማረከ የሶቪየት ሞተር ገጠመ፤ ይህም አይሮፕላኑን ከቀድሞው የፈጠነ አደረገው።

በ1947 የፓሪስ ውል ኃይሉን በ60 አይሮፕላንና በ3,000 ሰው ወሰነው፤ ቦምብ ጣይም ከለከለ። ከዚያ ወዲያ የግዢው ነገር የሚዛን ሥራ ሆነ፤ በ1958 ከእንግሊዝ ናት፤ በ1963 ከሶቪየት ኅብረት ሚግ 21፤ በ1970ዎቹ ከስዊድን ድራከን ተገዛ። ማንም ጎረቤት እንዳይቀየም የተደረገ ጥንቃቄ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ለመካኒኮቹ ግን ድርብ ድካም ነበረ።

በ1992 መንግሥቱ 64 የአሜሪካ ሆርኔቶችን ሲመርጥ የጥንቱን ችግር አልዘነጋም፤ 57ቱ በፊንላንድ ውስጥ ተገጣጠሙ። በዲሴምበር 2021 ሆርኔቶቹን እንዲተኩ 64 ኤፍ 35 አይሮፕላኖች በተመረጡ ጊዜም፤ 400 የሚያህሉ የዚሁ አይሮፕላን የፊት አካላት በፊንላንድ እንዲሠሩ ከሻጩ ጋር ስምምነት ተደርጓል።