«ደመና አለ»፦ ከጨፋ ሮቢት ጓዳ ሹክሹክታ

ቀረብ በሉ፤ ይህ ጮክ ተብሎ የሚወራ አይደለም። እናቴ ብትሰማ ትቀየመኛለች።

በቤታችን ያልታሰበ እንግዳ ከተፍ ሲል እናቴ ፊቷ በርቶ ትቀበለዋለች፤ ምንጣፉን ታራግፋለች፣ ውሃ ታስታጥባለች። ከዚያ ወደ ጓዳው በር ዞር ትልና እንደ ዋዛ «ደመና አለ» ትላለች። እንግዳው ቀና ብሎ በበሩ በኩል ሰማዩን ያያል። ወሩ ጥር ነው፤ የጨፋ ሰማይ አንዲት ነጭ ቁራጭ እንኳ የለበትም። አባቴ ደግሞ ይህን ቃል በሰማ ቁጥር ብድግ ብሎ ወጥቶ የተሰጣውን ማሽላ ሲሰበስብ ስንት ዓመት ኖረ።

«ደመና አለ» ማለት እንጀራው አይበቃም ማለት ነው። ትርጉሙ፦ እኔና እህቴ ማታ ቂጣ እንበላለን፣ እንጀራው ለእንግዳው ይቅረብ። «ድስቱን አማስዪው» ማለት ወጡን በሙቅ ውሃ አቅጥነሽ ሽሮ ነስንሺበት ነው። «የላዩን አውርጂ» ከተባለ ግን ነገሩ ከባድ ነው፤ ቆጡ ላይ የተሸሸገው ቅቤ ይነካ ማለት ነውና። ይህ የሚባለው አማች ሲመጣ ብቻ ነው።

ለምን በምስጢር ትሉኝ ይሆናል። በእኛ ዘንድ ምግብ አይቆጠርም። ስንት እንጀራ ቀረ ብላ በሰው ፊት የጠየቀች ሴት ንፉግ ትባላለች፤ የተቆጠረ ምግብ በረካው ይነሣል ይሏታል። ስለዚህ የምትቆጥር ሁሉ እንደማትቆጥር ትሆናለች። እኔ ግን ከጓዳው ውስጥ ያደግሁ ነኝና ልንገራችሁ፤ እንደ እናቴ የሚቆጥር ሒሳብ ሹም እስካሁን አላየሁም።

ሒሳቡ የሚጀምረው ከቡሃቃው ነው። እሑድ ማታ የተቦካ ሊጥ እንጀራ የሚሆነው ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ነው፤ የተጋገረው ደግሞ እስከሚቀጥለው ጋገራ መቆየት አለበት። አገራችን ቆላ ቀመስ ናት፣ ከባሕር ወለል በላይ 1400 ሜትር ገደማ። ሙቀቱ እርሾውን ያጣድፈዋል፤ የተጋገረውንም ቶሎ ያሻግተዋል። አብዝቶ መጋገር ኪሳራ፣ አሳንሶ መጋገር ውርደት ነው። እናቴ እሑድ ማታ ዱቄት ስትሰፍር ዓርብ ምሳ ላይ ስንት አፍ እንደሚኖር ማወቅ አለባት። ማን መንገድ ሄደ፣ የማን ልጅ ከኮምቦልቻ ይመጣል፣ የትኛዋ ጎረቤት ልትወልድ ደርሳለች፤ ቡና ላይ ስታወራ የምትለቅመው ወሬ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ቡሃቃው ውስጥ ነው የሚገባው።

ሌላም አለ። የማሽላ እንጀራ ትኩሱን ሲበሉት የጤፍን አያስመኝም፤ ካደረ ግን ይደርቅና ይሰባበራል። ጤፍ ሲቀላቀልበት ልስላሴው ይቆያል። ጤፍ ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ እናቴ ሁለት ሊጥ ታቦካለች፦ ንጹሕ ማሽላ ለዕለቱ፣ ጤፍ የተቀላቀለበት ለሚያድረው። ሞሰቡን የከፈተ ሰው እንጀራው ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ከላይ ያለው የዛሬ ነው፣ ከሥር ያለው የከነገ ወዲያ። በስሕተት ከሥር የመዘዘ ልጅ በቤታችን ያለ ጥፋቱ ይቆነጠጥ ነበር።

ገበያውም የራሱ ሰዓት አለው። ሰንበቴ ገበያዋ እሑድ ነው፤ ባቲ ሰኞ። ወደ ሰንበቴ ደጋው አተርና ባቄላውን ይዞ ይወርዳል፤ አፋሩ፣ አርጎባውና የቆላው ኦሮሞ ከብቱን፣ ፍየሉንና ቅቤውን ይዞ ይመጣል። እናቴ ቅቤ የምትገዛው በማለዳ ነው፣ ገና ሳይቀልጥ፤ ፀሐይ ካገኘው በኋላ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅምና። ቲማቲምና ቃሪያ ግን ገበያው ሊበተን ሲል ነው፤ ሻጩ ተሸክሞ ከመመለስ ይልቅ ይቀንሳል። «ቅቤን ከመጀመሪያው ሻጭ፣ ቲማቲምን ከመጨረሻው» ትለኛለች፣ እሱንም በጆሮዬ።

የቅቤው ነገር ከጨፋው ሣር ጋር የተያያዘ ነው። በበጋ ዙሪያው ሲደርቅ የቦርከና ረግረግ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፣ አርብቶ አደሩም ከብቱን ወደዚያ ይነዳል። በ1994 ዓ.ም. ድርቅ በሆነ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች በጨፋ ሸለቆ 50,000 ያህል አርብቶ አደሮችና 200,000 ያህል እንስሳት እንደተጠለሉ ጽፈው ነበር። ለባለሙያው ይህ የድርቅ ዘገባ ነው። ለእናቴ ግን የከብቱ አመጣጥ የቅቤ ምልክት ነው፤ ከብቱ ሲበዛና ሣሩ ሲኖር ትገዛለች፣ በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በጥቁር አዝሙድ አንጥራ ቆጡ ላይ ታስቀምጣለች። ከብቱ ከስቶ ከመጣ ደግሞ ቅቤው እንደሚወደድ ከወዲሁ ታውቃለችና የዓመቱን ገንፎ በዘይት ለማድረግ ልቧን ታዘጋጃለች።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚገርመኝን ልንገራችሁ። የምግቡ ዕቅድ የሚጀመረው ከጓዳ ሳይሆን ከማሳ ነው። አባቴ ማሽላ ሊዘራ ሲወጣ እናቴ ከዘሩ ላይ አንድ ጭብጥ ሌላ ዘር ትጨምርበታለች። ወተት በጉንጬ የሚሉት የወሎ ማሽላ ነው። ስሙ እንደሚለው እሸቱ አፍ ውስጥ ወተት ወተት ይላል። ጎተራ ለመሙላት አይዘራም፤ ጎተራው ባዶ በሆነበት፣ አዲሱ እህል ገና ባልደረሰበት ወር ተጠብሶ ሊበላ ነው። አባቴ ገበሬው እኔ ነኝ ይላል፤ የጥቅምቱን እራት የዘራችው ግን እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን ሲመረምሩ፣ ላይሲን የተባለው ለሰውነት አስፈላጊ የፕሮቲን ክፍል በእጅጉ የበዛባቸው ሁለት ዓይነቶች አገኙ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ነበሩ። የወሎ ሴት ለልጇ እሸት ብላ የለየችው ዘር ከዓለም ማሽላ ተለይቶ ተመሰከረለት። ያ ዓመት ደግሞ ወሎ በረሃብ ያለቀበት ዓመት ነበር። አያቴ ስለዚያ ዘመን ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ እኔም የሹክሹክታን ልማድ የወረስኩት ከእሷ ሳይሆን አይቀርም።

የዓመቱ ሒሳብ በሁለት አቆጣጠር ይሠራል። እህሉ በፀሐይ ይሄዳል፣ ጾሙ በጨረቃ። የረመዳን ወር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ፊት እየቀደመ ይመጣል፤ ዙሩን ለመጨረስ 33 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በ2017 ዓ.ም. ረመዳን የገባው የካቲት 22 ነበር፤ አውድማው ተጠርጎ፣ ጎተራው ሞልቶ ነበርና የአፍጥሩ ሾርባና ሳምቡሳ አላስጨነቀም። በ2005 ግን የገባው በሐምሌ መጀመሪያ ነበር፤ ጎተራው ሊያልቅ፣ ማሳው ገና ቡቃያ። ያን ዓመት እናቴ የረመዳንን ዱቄት ከጥር ጀምራ ለይታ፣ በሌላ ጆንያ አድርጋ፣ ከአልጋ ሥር ደብቃ እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በ2022 ደግሞ በታኅሣሥ መጨረሻ ይገባል፤ ያኔ ጾመኛው አውድማ ላይ ነው የሚውለው። እናቴ ይህንን ካሁኑ ታስባለች። «ለሚወቃ ሰው ሱሑር ላይ ገንፎ እንጂ ሩዝ አይሆነውም» ብላኛለች።

ለጎረቤቱም ጾም ቦታ አለን። ከጓዳችን ጥግ አንዲት ትንሽ ድስት አለች፤ ጆሮዋ ላይ ክር ታስሮባታል። ቅቤም ሥጋም ነክቷት አያውቅም። ረቡዕ ወይም ዓርብ ክርስቲያን ጎረቤት ብቅ ቢል ሽሮው የሚሠራው በእሷ ነው። በሠርግና በበዓል ለሁለቱ ወገን እርዱ ለየብቻ እንደሚሆን የወሎ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ይቺን ድስት ግን የሚያውቃት ጓዳ የገባ ብቻ ነው። እንግዳው በልቶ ይሄዳል፤ የቤቱ ሰው ስለ እሱ ጾም ከዓመታት በፊት እንዳሰበ አያውቅም።

የመጨረሻው ምስጢር የእንጀራ ብድር ነው። እናቴና ሁለት ጎረቤቶቿ በአንድ ቀን አይጋግሩም። ማንም አዋጅ አላወጣም፣ ማንም ስብሰባ አልጠራም፤ ግን አንዷ ሰኞ ስትጋግር ሁለተኛዋ ማክሰኞ፣ ሦስተኛዋ ረቡዕ ናት። ስለዚህ ከሦስቱ ቤቶች በአንዱ ሁልጊዜ ትኩስ እንጀራ አለ። ደመና ሲመጣ አንዷ ልጅ ሰፌድ ይዛ በጓሮ በኩል ትወጣለች። አምስት ተበድራ ትመለሳለች፣ አምስት ይመለሳል። አራት የመለሰች ሴት ብትኖር ማንም አይናገራትም፤ ግን ሦስቱም ያውቃሉ።

ይህ ሁሉ ስስት እንዳይመስላችሁ። በእኛ አገር የኖረ ሰው ነገ እንደ ዛሬ እንደማይሆን ያውቃል። በ2013 ጥቅምት የበረሃ አንበጣው በወሎ ቆላዎች ሲወርድ ማሽላው ገና ከማሳ አልተነሣም ነበር። በዓመቱ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ደርሶ የአዲስ አበባና የደሴ መንገድ ተዘጋ። ያኔ ቤቱን ያቆየው ድርቆሹ፣ በሶውና ቆሎው ነው፤ እሳት ሳይነድ የሚበላ፣ በጨርቅ ቋጥረው የሚሸከሙት። አያቴ «የሐምሌን ዝናብ ሳታዪ የጎተራውን ሦስተኛ እጅ አትንኪ» ትል ነበር። እናቴ ዛሬም አትነካም።

እንግዲህ እስካሁን ያወራሁት ውበቱን ነው። ዕዳውን ደግሞ ስሙ።

ዐምና እናቴ ታመመች፤ ዘጠኝ ቀን ተኛች። እኔ ለሥራ ደሴ ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን አባቴ ደወለልኝ። «ልጄ፣ ቤቱ ሙሉ ነው፤ የሚበላ ግን የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ጤፉ በጆንያ፣ ሽሮው በጣሳ፣ በርበሬው በእንስራ ነበር። የትኛው ጆንያ የዕለት፣ የትኛው የማይነካ፣ የማን እንጀራ እንዳለብን፣ ማን እንዳለበት የሚያውቅ ግን አልነበረም። ወንድሜ ሊረዳ ብሎ ቡሃቃውን በሳሙና አጥቦ አበራው። ሥሩ ላይ የቀረውን እርሾ ቆሻሻ መስሎት። ያ እርሾ ከአያቴ የወረደ ነው እየተባለ ያደግንበት ነበር።

ያዳነን ብድሩ ነው። ጎረቤታችን በጣሳ እርሾ ይዛ መጣች። አባቴ ሊያመሰግን ሲል «ምን ያመሰግኑኛል፣ ከእናንተው ቤት የተወሰደ ነው፤ ለልጄ ሠርግ ነበር የወሰድኩት» አለችው። የአያቴ እርሾ አጥር ተሻግሮ ኖሮ፣ አጥር ተሻግሮ ተመለሰ።

እኔ ደርሼ ደብተር አወጣሁና ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። «ጓዳ ይጻፋል?» ብላ ተቆጣች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ቆየችና ወደ ግድግዳው እያየች መናገር ጀመረች፦ «ከበሩ በስተግራ ያለው ጆንያ... እሱን እንዳትነኩት።» አራት ገጽ ሞላ። ወንድሜ ይጽፋል፣ እኔ እጠይቃለሁ፣ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። «ደመና አለ» ላይ ስትደርስ ዝም አለች፣ አባቴን አየችው፣ ታማ እያለች ሳቀች። አባቴ አልሳቀም። ለስንት ዓመት ማሽላ ሲሰበስብ እንደኖረ እያሰላ ነበር መሰለኝ።

የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ እንጀራውን ከእንግዳ መደበቅ ክብር ነው፤ ሒሳቡን ከገዛ ቤተሰብ መደበቅ ግን አንዲት ሴት ብቻዋን እንድትሸከመው መፍረድ ነው። የበረካው ጉዳይ ካሳሰባችሁ፣ እናቴ ከተናገረች ወዲህ በረካው አልተነሣም።

ዘንድሮ ለአረፋ ቤት ሄጄ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዎች ሳይታሰቡ ገቡ። እናቴ ገና አፏን ሳትከፍት አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ፣ በበሩ በኩል ወደ ሰማይ አየና «ደመና አለ» አለ። ተነሥቶ ወጣ። ወደ ማሽላው አልሄደም፤ ሰፌዱን ጋቢው ሥር ሸጉጦ በጓሮው በኩል ወደ ጎረቤት ነው ያቀናው።

አንዱ እንግዳ አንገቱን አስግጎ ውጭውን አየና «አይ፣ ዛሬስ አይዘንብም» አለ።