ለአንዱ ቡችላ ትኬት፣ ለቀሩትስ?

ከአሜሪካና ከአውሮፓ ዘመድ ሊጠይቁ ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የሚመጡ ልጆች ልኳንዳ ደጃፍ የተኛች ከሲታ ውሻ ወይም ቦይ ዳር የሚንጫጩ ቡችሎች ሲያዩ ሆዳቸው አይችልም። «ይዘነው እንሂድ» ይላሉ። ርኅራኄያቸው ያስመሰግናል። ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ግን ወላጆችንና አያቶችን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ አንዱን ቡችላ ብናሻግር፣ እዚህ ለሚቀሩት ውሾችና አብረዋቸው ለሚያድጉት ልጆች ምን አደረግን?

አሜሪካ የእብድ ውሻ በሽታ ያሰጋባቸዋል ከምትላቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ከሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ወደዚያ የሚገባ ውሻ ቢያንስ 6 ወር የሞላውና ማይክሮቺፕ የተደረገለት መሆን አለበት፤ ከእኛ አገር ለሚሄድ ደግሞ የክትባት ማስረጃ ይጠየቃል። ምክንያት አለው። ቫይረሱ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተደብቆ ስለሚቆይ ጤነኛ የሚመስል ቡችላ በሽታውን ይዞ ሊሻገር ይችላል።

በገጠር ስሠራ በጣም የሚያሳዝነኝ ቁጣ ፈርቶ ንክሻውን የደበቀ ልጅ ነበር። ውሃ መፍራት ከጀመረ በኋላ በሽተኛውን ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈው 99 በመቶ በውሻ ነው።

ውሾችን በመርዝ መፍጀትም መፍትሔ አይሆንም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ የሥጋ ትራፊና ቆሻሻ ሜዳ ላይ እስከተጣለ ድረስ በሞቱት ቦታ ያልተከተቡ ሌሎች ይመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ስለዚህ ለአንድ ቡችላ ትኬት፣ ምርመራና ሳጥን የሚወጣው ገንዘብ የአንድ ቀበሌ ውሾችን ለማስከተብ ቢውል ውሻውም ልጁም ይተርፋሉ። ልጅዎ «ውሻ ላድን» ካለ፣ በስሙ የሰፈሩን ውሾች ያስከትቡለት።

እኛ እዚህ ያለነውም የቤታችንን ውሻ በየዓመቱ እናስከትብ፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ እናማክር። ልጅ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እንጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም እናድርሰው። ጸበልም ሆነ የባህል መድኃኒት ለመሞከር ብለን ክትባቱን አናዘግይ። ከሁሉ በፊት ግን ልጆቻችንን «ውሻ ቢነክስህ አልቆጣህም፣ ቶሎ ንገረኝ» እንበላቸው።