ከጨርቁ ሥር ያለው ዋጋ፤ የባንክ ሪፖርት ለአርብቶ አደሩ ምን ይነግረዋል?

ጅግጅጋ፦ በሶማሌ ክልል የቁም እንስሳት ገበያዎች ሻጭና ገዥ ዋጋ የሚደራደሩት ድምፅ አውጥተው አይደለም። በነባሩ ልማድ ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ በእጃቸው ላይ ጨርቅ ጣል ይደረጋል፤ ከጨርቁ ሥር ጣት ከጣት እየተነካካ ብሩ ይጨመራል፣ ይቀነሳል። አጠገባቸው የቆመ ሰው ግመሏ በስንት እንደተሸጠች አያውቅም።

ዋጋው ቢሰወርም ኃላፊነቱ ግን አይሰወርም። ደላላው ሻጩን ከነጎሳው ያውቀዋል። እንስሳው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ተጠያቂው እርሱ ነው። ገበያው ለዘመናት ጸንቶ የቆየው አንድም በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚጠየቅ ሰው አለ።

አርብቶ አደሩ ከብቱን ሸጦ ብሩን ባንክ ካስገባ በኋላስ? እዚያ ደላላ የለም። ገንዘቡ ለማን እንደተበደረ፣ በምን ዋስትና እንደተሰጠ፣ ማን እንደወሰነ ለአስቀማጩ የሚነግረው የባንኩ ዓመታዊ ሪፖርት ብቻ ነው። ባንኮች ስለ አስተዳደራቸው፣ በአካባቢና በኅብረተሰብ ላይ ስለሚያመጡት ለውጥ የሚያወጡት ዘገባ የአዲስ አበባ ባለአክሲዮኖች ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ለፋፈን ዞን ከፊል አርብቶ አደርና ለሲቲ ዞን ግመል አርቢም የቅርብ ጉዳይ ነው።

ከማይክሮ ፋይናንስ ወደ ባንክ

ጅግጅጋ የራሷ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት ከተማ ናት። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የሶማሌ ማይክሮ ፋይናንስ ተቋም በ2007 ዓ.ም. ሄሎ ካሽ በተባለው አገልግሎት ገንዘብን በተንቀሳቃሽ ስልክ ማንቀሳቀስ ጀመረ። ቅርንጫፍ በሌለበት፣ አርብቶ አደሩም ውኃና ግጦሽ ተከትሎ በሚዘዋወርበት አካባቢ ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ተቋሙ በ2014 ዓ.ም. ሸበሌ ባንክ በሚል ስያሜ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ አገልግሎት ወደሚሰጥ ባንክ አደገ።

በዚያው ዘመን ሌሎች ከወለድ ነፃ ባንኮችም ወደ ሥራ የገቡ ሲሆን፣ ነባሮቹ ባንኮች ደግሞ ከወለድ ነፃ መስኮት ከፍተው ይሠራሉ። በወለድ ምክንያት ከባንክ ርቆ ለኖረው ሕዝብ በሩ ተከፍቷል ማለት ነው።

በሩ መከፈቱ ግን የታሪኩ ግማሽ ነው። ማይክሮ ፋይናንስ ሲያድግ ተጠያቂነቱም አብሮ ማደግ ይኖርበታል። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ለባንኮች የሚጠየቀውን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አድርጎታል። ካፒታል ለመሙላት አዳዲስ ባለአክሲዮኖች ይመጣሉ፤ ባለአክሲዮን ደግሞ ትርፍ ይፈልጋል። ለከተማ ነጋዴና ለአስመጪ ማበደር ቶሎ ትርፍ ያስገኛል፤ ለፍየል አድላቢ ማበደር ጊዜ ይወስዳል፣ ለድርቅም የተጋለጠ ነው። በዚህ ውድድር መሃል ባንኩ የተነሣበትን ዓላማ መያዝ አለመያዙን ማየት የሚቻለው በቁጥር ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ባንኮችን ጨምሮ የሕዝብ ጥቅም ያለባቸው ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች እንዲያዘጋጁ ያስገድዳል። ብሔራዊ ባንክ በ2016 ዓ.ም. ስለ ባንኮች ኮርፖሬት አስተዳደር፣ ከባንኩ ጋር የጥቅም ትስስር ላላቸው ሰዎች ስለሚሰጥ ብድር፣ ለአንድ ተበዳሪ ስለሚሰጥ ከፍተኛ ብድር እንዲሁም ስለ ብድር አመዳደብና መጠባበቂያ አዳዲስ መመሪያዎችን አውጥቷል። በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራውን በይፋ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ደግሞ የተመዘገቡ ኩባንያዎች መረጃቸውን በወቅቱ ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርጉ የሚጠይቅ ነው። ወጋገን ባንክ በገበያው የተመዘገበ የመጀመሪያው ባንክ ሆኗል።

በዓለም ደረጃ ደግሞ ከትርፍና ኪሳራ ያለፈ ዘገባ እየተለመደ መጥቷል። ናይጄሪያ የዘላቂ ባንክ መርሆዎችን ያወጣችው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ በ2021 እ.ኤ.አ. ባንኮች የአየር ንብረት ሥጋትን እንዴት መያዝ እንዳለባቸው መመሪያ ሰጥቷል። በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ሁለት ዓለም አቀፍ የዘላቂነት ሪፖርት ደረጃዎች ይፋ ሆነዋል፤ አንደኛው አጠቃላይ የዘላቂነት መረጃን፣ ሁለተኛው የአየር ንብረት ለውጥን የሚመለከት ነው።

አስተዳደር ሲጎድል

የአስተዳደር ጉድለት በግብርና ብድር ላይ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ በጋምቤላና በሌሎች አካባቢዎች በዝናብ ለሚለሙ ሰፋፊ እርሻዎች ብዙ ብድር ሰጥቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የተደረገ የመንግሥት ጥናት በጋምቤላ የተሰጡ መሬቶች ተደራርበው መገኘታቸውንና ብድር የወሰዱ አንዳንድ ባለሀብቶች ገንዘቡን ለታለመለት ዓላማ አለማዋላቸውን አመለከተ። ባንኩ ለዝናብ እርሻ ብድር መስጠቱን አቆመ። በቀጣዮቹ ዓመታት የተበላሸ ብድሩ ድርሻ ከ30 በመቶ በላይ ደረሰ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የተጎዳው ባንኩ ብቻ አይደለም። መሬቱን በሐቅ አርሶ ብድሩን ለመክፈል የተዘጋጀው አልሚም በሩ ተዘጋበት። አንድ መሬት ለሁለት ሰው ዋስትና ሆኖ ሲቀርብ በጊዜ ያየና የጮኸ የውስጥ ቁጥጥር ቢኖር፣ ያም በየዓመቱ በይፋ ቢዘገብ ኖሮ ጉዳቱ ይቀንስ ነበር። አስተዳደር ሲጎድል ባንኮች ግብርናን በጅምላ ይፈራሉ፤ የፍርሃቱ ዋጋ የሚከፈለው ደግሞ በገበሬውና በአርብቶ አደሩ ነው።

ግመል ዋስትና ይሆናል?

የአርብቶ አደሩ ሀብት መሬት ወይም ቤት አይደለም፤ መንጋው ነው። ባንክ ደግሞ ለረጅም ዘመን ሲጠይቅ የኖረው የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ነው። ሃምሳ ግመል ያለው ሰው በባንክ ፊት ደሃ ሆኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ይህን ለመቀየር ታስቦ የተደነገገ ነው። በአዋጁ መሠረት እንስሳት፣ ሰብልና መሣሪያ በመዝገብ ተመዝግበው ለብድር ዋስትና ሊሆኑ ይችላሉ። በወረቀት ላይ ግመል ዋስትና ሆናለች።

በተግባርስ? መልሱን ሊሰጥ የሚችለው የባንክ ሪፖርት ነው። አንድ ባንክ በዓመቱ ስንት ብድር በእንስሳት ዋስትና እንደሰጠ፣ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ በሶማሌ፣ በአፋርና በቦረና እንደሆነ፣ ስንቱ ለሴቶች እንደደረሰ በቁጥር ካልተጻፈ፣ አዋጁ ለአርብቶ አደሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷን አያይም።

ከወለድ ነፃ አገልግሎትም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። ሙራባሓ በሚባለው አሠራር ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን አስታውቆ ለደንበኛው በዱቤ ይሸጣል። ሰለም የሚባለው ደግሞ ለግብርና በጣም የሚስማማ ነው፤ ባንኩ ወደፊት ለሚደርስ ምርት ዋጋውን አስቀድሞ ይከፍላል። በጅግጅጋ ሜዳ ስንዴና ማሽላ ለሚያመርተው ከፊል አርብቶ አደር ይህ የዘር ወቅት መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ተቀማጩ ከየት እንደተሰበሰበ ብቻ ሳይሆን በየትኛው አሠራር ለየትኛው ዘርፍ እንደዋለ ሲዘገብ ነው የሸሪዓ አማካሪ ቦርዱም፣ አስቀማጩም በእውቀት የሚጠይቁት።

ድርቅና የአየር ንብረት ቁጥር

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በምሥራቅና በደቡብ ኢትዮጵያ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ጎድለዋል። በቆላማ አካባቢዎች ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ማለቃቸውን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ገልጿል። ለአርብቶ አደሩ ይህ የቁጠባ ደብተሩ መቃጠል ነው። ለባንክ ደግሞ ዋስትናው ከነሕይወቱ መጥፋት ነው።

ስለዚህ በዚህ ክልል የሚሠራ ባንክ የአየር ንብረት ሥጋትን መዘገብ ለይስሙላ የሚደረግ አይደለም። ሁለት ወቅት ዝናብ ቢጠፋ ስንት ብድር እንደሚበላሽ፣ የብድር መክፈያ ጊዜ የሚራዘምበት ደንብ መኖሩን፣ ብድሩ ከእንስሳት መድን ጋር መያያዙን ማወቅ ያስፈልጋል። መድኑ እንግዳ ነገር አይደለም። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ2018 እ.ኤ.አ. በክልሉ በጀመረው መርሐ ግብር የግጦሹ ልምላሜ በሳተላይት እየታየ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ለአርብቶ አደሩ ክፍያ ይፈጸማል፤ የሞተ እንስሳ እየተቆጠረ አይደለም። ክፍያው ቀድሞ ሲመጣ መኖና ውኃ ገዝቶ መንጋውን ማትረፍ ይቻላል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። ዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ደረጃ ባንኮች ያበደሩት ገንዘብ ያስከተለውን የበካይ ጋዝ ልቀትም እንዲዘግቡ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ አረንጓዴ ልማት ስትራቴጂ እንዳሰፈረው በ2010 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ልቀት ወደ 150 ሚሊዮን ቶን የተገመተ ሲሆን፣ 42 በመቶው ከእንስሳት ሀብት የሚመነጭ ነው። ይህን ስሌት እንዳለ ገልብጦ የሚወስድ ባንክ ሪፖርቱን ለማሳመር ቀላሉ መንገድ ለእንስሳት ርቢ የሚሰጠውን ብድር መቀነስ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። በወረቀት ላይ ባንኩ አረንጓዴ ይሆናል፤ በሜዳ ላይ ግን ከልቀቱ እጅግ ትንሽ ድርሻ ያለው፣ በድርቁ ደግሞ ክፉኛ የተመታው ሰው ብድር ያጣል።

መፍትሔው ቁጥሩን መደበቅ አይደለም፤ ቁጥሩን ከጎረቤቱ ጋር ማስቀመጥ ነው። ልቀቱ ሲዘገብ የደረሰላቸው ቤተሰቦች ብዛት፣ የተሻሻለ መኖና የእንስሳት ጤና የተደገፈበት መጠን፣ በድርቅ ዘመን የተረፈው መንጋም አብሮ ይዘገብ። ያን ጊዜ ጥቂት ግን ጤነኛና ምርታማ እንስሳት እንዲኖሩ የሚሰጥ ብድር ለአካባቢም ለኑሮም እንደሚጠቅም በግልጽ ይታያል።

ማን ይጠይቅ?

ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ቶጎ ውጫሌ በኩል የሚያልፈው የቁም እንስሳት ንግድ ወደ በርበራ ወደብ፣ ከዚያም ወደ ዓረብ አገራት ይዘልቃል። በዚህ መስመር ላይ ያለው ነጋዴ፣ የአውባሬና የቀብሪ በያህ ከፊል አርብቶ አደር፣ የሽንሌ ፍየል አርቢ ሁሉም የባንክ አስቀማጭ ወይም ነገ የሚሆን ነው። የባንኮች ሪፖርት ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ፣ በከተማ አዳራሽ ለሚሰበሰብ ባለአክሲዮን የሚዘጋጅ ነው።

አርብቶ አደሩ መቶ ገጽ እንዲያነብ አይጠበቅም። ሦስት ጥያቄ ይበቃዋል፦ ከዚህ አካባቢ ከተሰበሰበው ተቀማጭ ስንቱ እዚሁ ተመልሶ ተበደረ? ከእንስሳትና ከሰብል ጋር ለተያያዘ ሥራ የዋለውስ ስንት ነው? ድርቅ ሲመጣ ባንኩ በተበዳሪው ላይ ምን ያደርጋል? የመልሱ ማጠቃለያ አንድ ገጽ ሆኖ በሶማሊኛና በአማርኛ በየቅርንጫፉ ግድግዳ ቢለጠፍ፣ በአካባቢ ሬዲዮም ቢነበብ የሚያስወጣው ወጪ ጥቂት ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም ጥያቄውን በአባሎቻቸው ስም ማቅረብ ይችላሉ።

በከብት ገበያው ዋጋው ከጨርቅ ሥር ቢሆንም ደላላው በአደባባይ ቆሞ ይጠየቃል። ባንክም የደንበኛውን ምስጢር መጠበቅ ግዴታው ነው። የሕዝብ ገንዘብ የት እንደዋለ ግን ከጨርቅ ሥር የሚቆይ ምስጢር አይደለም።