ከእንጦጦ ቁልቁል፦ አዲስ አበባን ከልጆች ጋር

አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሰው እሑድ በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ «ዛሬ የት ነው የምንሄደው?» ቀድሞ ይህ ጥያቄ እምብዛም አይነሣም ነበር። ሰፈሩ ሜዳ ነበረው፤ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ፣ ብይ ሲመቱ፣ ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ ይመሽ ነበር። አሁን ብዙው ቤተሰብ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ በብሎኮቹ መካከል የቀረችውንም ክፍት ቦታ መኪና ሞልቷታል። ልጁ በር ተዘግቶበት ስልክ ላይ አፍጥጦ ይውላል፤ ወላጁም ሲጨነቅ ይውላል።

ሜዳው በጠበበበት በዚሁ ጊዜ ግን ልጅ ይዞ የሚኬድባቸው ቦታዎች በርክተዋል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ብቻ የአንድነት ፓርክ፣ የወዳጅነት ፓርክ፣ የእንጦጦ ፓርክ፣ የሳይንስ ሙዚየምና የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተከፍተዋል። ከእነሱ በፊት የነበሩት ሙዚየሞችም አሉ። ታዲያ ከየት ይጀመር? ከሰሜን፣ ከእንጦጦ ጋራ ጀምራችሁ በስድስት ኪሎ፣ በአምስት ኪሎና በአራት ኪሎ በኩል ቁልቁል ውረዱ። ከተማዋ ራሷ የወረደችው በዚሁ ተዳፋት ነው። ልጅ ይህን መንገድ በቅደም ተከተል ካየው፣ የሚኖርባት ከተማ ከየት እንደመጣች በገዛ እግሩ ያውቀዋል። ሁሉም በአንድ ቀን አይሆንም፤ በየሳምንቱ አንድ ቦታ ይበቃል።

ጋራው ላይ

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተማቸው እንጦጦ ነበረች። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጋራ ለጦር ጥበቃ ይመች ነበር፤ ለኑሮ ግን ብርዱ፣ ነፋሱና የማገዶው እጥረት አስቸጋሪ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ከታች ያለውን ፍልውሃ ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ያም ሆኖ ምኒልክ ዘውድ የጫኑት በ1882 ዓ.ም. እዚያው ላይ በእንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በእንጨትና በጭቃ የተሠራው የቀድሞ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ይታያል። ልጆች ቤተ መንግሥት ሲባል በፊልም ያዩት ዓይነት ግንብ ይመስላቸዋልና፣ ያን ኖራ የተቀባ የጭቃ ቤት አይተው ሲገረሙ ጨዋታው ይጀመራል። «ንጉሥ እዚህ ይኖር ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ አገሪቱ ያኔ ምን እንደምትመስል ለመንገር በር ይከፍታል።

በመስከረም 2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ደግሞ የመሮጫው ቦታ ነው። በባሕር ዛፉ መካከል የእግር መንገድ ተዘርግቷል፤ ፈረስ አለ፣ ብስክሌት አለ፤ ደፈር ላሉት በሽቦ ተንጠልጥሎ መንሸራተቻም አለ። ገንዘብ ማውጣት ያልፈለገ ቤተሰብ እየተራመደ ብቻ ግማሽ ቀን ሊያሳልፍ ይችላል። ባሕር ዛፉም የራሱ ታሪክ አለው። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ የመጣው በማገዶ እጦት የተቸገረችውን ከተማ ለማዳን ነበር። ቶሎ ስለሚያድግ ከተማዋ ባለችበት እንድትጸና ረዳት። ብዙ ትውልድ እናቶች የዚህን ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው ቁልቁል ሲወርዱ ኖረዋል። ልጅ ቅጠሉን ቀጥፎ በእጁ ሲያሸው የሚወጣው ሽታ ይህ ሁሉ ሲነገረው የበለጠ ይገባዋል።

አገር በቀሉን ዛፍ ማየት የፈለገ ደግሞ በምዕራብ በኩል ወደ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይሂድ። የከተማ አስተዳደሩና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ሲሆን ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት አለው። ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ሳይቆረጡ ሲቀሩ ምን ያህል እንደሚገዝፉ እዚያ ይታያል።

ሽሮ ሜዳ

ከእንጦጦ ሲወረድ መጀመሪያ የሚገኘው ሽሮ ሜዳ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው የሐበሻ ልብስ ለመግዛት ነው፤ ለልጅ ግን ከሱቁ ይልቅ ሸማኔው ይበልጥበታል። በአካባቢው ያሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። አስፈቅዳችሁ አንዱ ቤት ብትገቡ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። እግሩ ከታች ተራ በተራ ሲረግጥ የድሩ ክር ግማሹ ይነሣል፣ ግማሹ ይወርዳል። በመካከሉ በተከፈተው ስንጥቅ መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ይበራል፤ ማጉን ይዞ ያልፋል። ከዚያ አንድ ጊዜ ጠበቅ ይደረግና እግር ይቀየራል። ጥለት ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ባለቀለሙን ክር በጣቱ እየቆጠረ ነው የሚያስገባው። የበዓል ቀሚስ ለምን ውድ እንደሆነ ለልጅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ሲወጡ ትንሽ ነገር መግዛት ደግሞ ተገቢ ነው፤ ሰውየው ሥራውን አቁሞ ነው ያስተናገዳችሁ።

ስድስት ኪሎ

ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኘው በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ መነሻ የሆነው በጣልያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ የተወረወረው ቦምብ የፈነዳው እዚሁ ግቢ ነው፤ የሰማዕታቱ ሐውልትም ከበሩ ውጭ አደባባዩ ላይ ቆሟል። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጡ።

ሙዚየሙን ለልጅ የሚያስወድደው አደራደሩ ነው። ዕቃው በብሔረሰብ ወይም በዘመን አልተከፋፈለም፤ በሰው ልጅ ዕድሜ ተከትሎ ነው የተደረደረው። ውልደት ይቀድማል፤ ቀጥሎ ልጅነትና ጨዋታው፣ ተረቱ፣ ከዚያ ጉልምስና፣ ጋብቻ፣ ሥራ፣ በመጨረሻም ሞትና ቀብር። የስምንት ዓመት ልጅ መጀመሪያው ክፍል ውስጥ ራሱን ያገኛል፤ ወላጁ መካከል ላይ፣ አያቱ ደግሞ ወደ መጨረሻው። ውጭ መግቢያው አካባቢ ወደ ሰማይ የሚጠማዘዝ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ጣልያኖች በወረራው ጊዜ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ብለው የሠሩት ነው። ከነፃነት በኋላ ኢትዮጵያውያን አላፈረሱትም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳን አንበሳ አስቀመጡበት። ልጆቻችሁ እርከኑን ይቁጠሩት፤ ከዚያ አንበሳው ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ጠይቋቸው።

አምስት ኪሎ

ብሔራዊ ሙዚየም የገባ ልጅ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሉሲ፣ በእኛ አጠራር ስለ ድንቅነሽ ነው። ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከአጥንቷ የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ነው። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ነው፤ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጧል። ይህን ለልጅ መደበቅ አያስፈልግም፤ ቅርስ እንዴት እንደሚጠበቅ ማስተማሪያ ነው። አጽሟን አቁሞ የሚያሳየው ቅርጽ አጠገብ ልጃችሁን አቁሙት። ድንቅነሽ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ሆና ሳለ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ይስተካከላታል።

ልጆችን ይበልጥ የምትስበው ግን ሰላም ናት። በ1993 ዓ.ም. የዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ዲኪካ ላይ ያገኛት፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት፣ ስትሞት ገና ሦስት ዓመት ገደማ የነበረች ሕፃን ናት። አጥንቶቿ በጠጠረ አሸዋ ተይዘው ስለነበር፣ አሸዋውን በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት ማራገፍ ከአምስት ዓመት በላይ ፈጅቷል። የወተት ጥርሷ አሁንም መንጋጋዋ ላይ አለ። ጥርሱ መነቃነቅ ለጀመረ ልጅ ይህን ስትነግሩት ፊቱን ተመልከቱት፤ የሰው ዘር ታሪክ የሚባለው ነገር የራሱ ጉዳይ ሆኖ ያገኘዋል።

አራት ኪሎ

አራት ኪሎ ላይ ምርጫው ይበዛል። በሳይንስ ፋኩልቲው ግቢ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ትንሽ ነው፤ ዋልያን፣ ቀይ ቀበሮንና የደጋ አጋዘንን ግን በክንድ ርቀት ያሳያል። ስሜንና ባሌ ድረስ መሄድ ላልቻለ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የአንድነት ፓርክ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ 40 ሄክታር ያህል ቦታ ይዞ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ተከፈተ። ከመቶ ዓመት በላይ ለተራ ሰው ዝግ የነበረ ግቢ መሆኑን ልብ በሉ። የምኒልክ ግብር ማብያ አዳራሽ፣ የጸሎት ቤታቸውና እልፍኛቸው ታድሰዋል። ልጆች ግን ቀድመው የሚሮጡት ወደ አንበሶቹ ነው። ብዙዎቻችን አንበሳ ያየነው በ1940 ዓ.ም. በተቋቋመው በስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ነበር። የዚያ ግቢ አንበሶች ጎፈራቸው ጠቆር ያለ ነው፤ ከአንገት አልፎ ደረትና ሆዳቸውን ያለብሳል። በ2005 ዓ.ም. የታተመ የዘረመል ጥናት ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ለልጅ «ይህ አንበሳ የራሳችን ነው» ማለት ያኮራል፤ ነገሩም እውነት ነው። ከዙፋን ቤቱ ሥር ያሉት ክፍሎች ግን የደርግ ዘመን እስረኞች የተሠቃዩባቸው ናቸው። ትንንሽ ልጅ የያዘ ሰው አስቀድሞ ያስብበት። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም ለአሥራዎቹ ዕድሜ ማቆየት ይሻላል።

በመስከረም 2015 ዓ.ም. የተከፈተው የሳይንስ ሙዚየም ጉልላት ጣሪያ ባለው አዳራሹ ፊልም ያሳያል፤ አንጋጦ የሚታይ ነው። አጠገቡ ያለው የወዳጅነት ፓርክ ሲመሽ በውሃ ፏፏቴው ይደምቃል። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ሌላ ዓይነት መዝናኛ ነው፤ ዝናብ በያዘ ቀን ልጅ መጽሐፍ መርጦ የሚቀመጥበት ቦታ ከተማዋ ለረጅም ጊዜ አጥታው ነበር።

ፒያሳ

ጉዞው ፒያሳ ላይ ቢያበቃ ያምራል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል። በትምህርት ቤት «የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.» እየተባለ የሚሸመደደው ቀን እዚህ ፊትና ቁመና ያገኛል። ከተንዛዛው የጦር ዝርዝር ይልቅ ልጅ የሚይዘው አንድ ሁለት ታሪክ ነው። ለምሳሌ እቴጌ ጣይቱ መቐለ ላይ የጣልያንን ምሽግ ከውሃው ለይተው እንዴት እንዳስጨነቁት ንገሩት። ቅድም እንጦጦ ላይ ከተማ የመረጡትና እዚህ ውሃ የያዙት አንዲት ሴት መሆናቸውን ሲያውቅ የጉዞው ጫፎች ይገናኙለታል።

ከመውጣታችሁ በፊት

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከዚያም በላይ። በዕረፍት ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ የመጡ ልጆች መጀመሪያ ቀን ጋራውን ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ እነሱን መጀመሪያ ሙዚየም ወስዳችሁ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጋራ ብታወጧቸው ይሻላል። አብዛኞቹ የሚመጡት በክረምት ስለሆነ ጠዋቱን ተጠቀሙበት፤ ዝናቡ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ለእንጦጦ ጃኬት አይረሳ። ቆሎና ውሃ ያዙ። የሙዚየሞቹን የመክፈቻ ሰዓት አስቀድሞ መጠየቅ ከበር ከመመለስ ያድናል፤ አንዳንዱ ለምሳ ይዘጋል፣ አንዳንዱም ለእድሳት።

አንድ የማሳስበው ነገር አለ። አዳዲሶቹ ፓርኮች ሰው እየጎረፈላቸው ነው፤ ደስ ይላል። ነባሮቹ ሙዚየሞች ግን ከትምህርት ቤት ጉብኝት ውጭ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ብዙም አይረግጣቸውም። ለአገሬው ሰው መግቢያቸው ርካሽ ነው፤ የያዙት ሀብት ደግሞ በዓለም ላይ ተወዳዳሪ የለውም። ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ የሚያየውን ድንቅነሽን በታክሲ የሚደርስ ልጅ ሳያያት ማደግ የለበትም።

ስትሄዱ ደግሞ አያት ይዛችሁ ሂዱ። ከእነዚህ ቦታዎች ብዙዎቹ ገና በሕይወት ባሉ ሰዎች ትዝታ ውስጥ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በመኪና ሲያልፉ የሰገዱ፣ አንበሳ ግቢ በልጅነታቸው የገቡ፣ በአብዮቱ ጊዜ አራት ኪሎ ተማሪ የነበሩ አሁንም አብረውን አሉ። ጽሑፍ ከመስታወቱ ሥር የማይነግረውን እነሱ ይነግራሉ። ሙዚየሙ የሚቀጥለው ዓመትም ይኖራል፤ የእነሱን ጊዜ ግን ማዘግየት አያዋጣም።